423 ተማሪ ጠይቀን ምን አወቅን?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር የመመረቂያ ጥናቷን ፕሮፖዛል ይዛ ቤት መጣች። «እስቲ አንብብልኝ፣ አድቫይዘሬ ሰኞ ይፈልገዋል» አለችኝ። ርዕሱ ስለ ስማርት ስልክ ሱስ፣ ስለ ጤና እና ስለ ስብዕና ነው። ተጠኚዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ቦታው ድሬዳዋ። ገና ሽፋኑን እንዳየሁ «የናሙናሽ ቁጥር 423 ነው አይደል?» አልኳት። ደነገጠች። «ጋሼ፣ እንዴት አወቅክ?»

ጥንቆላ አይደለም። የሀገራችንን የጤና ጥናቶች ያገላበጠ ሰው ይህን ቁጥር በቃሉ ይዞታል። 422፣ 423፣ 424፤ እንደ አጠጋጉ ይለያያል እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ምንጩም ቀላል ነው። የችግሩ ስርጭት አይታወቅም ተብሎ 50 በመቶ ይያዛል። የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ ይሆናል። ቀመሩ 384 ይሰጣል። መጠይቁን ሳይመልስ የሚቀር አይጠፋም ተብሎ 10 በመቶ ይጨመርበታል። አለቀ፣ 423።

ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ መሆኑ ነው። ይህ ቀመር የተሠራው «ከመቶ ስንቱ?» ለሚል ጥያቄ ነው። የልጅቷ ርዕስ ግን የሚጠይቀው የሦስት ነገሮችን ዝምድና ነው። ለዝምድና ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። ቁርኝት የሚባለው ነገር ዜሮ ሲሆን ሁለቱ ነገሮች አይተዋወቁም፤ አንድ ሲሆን ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ቁርኝቱ 0.2 ከሆነ እሱን ለመያዝ በተለመደው 80 በመቶ የመለየት አቅም (ዝምድናው ካለ ከአስር ጊዜ ስምንቱን ማግኘት ማለት ነው) 194 ሰው ገደማ ይበቃል። 0.1 ብቻ ከሆነ ግን ወደ 780 ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ 423 ለአንደኛው ይተርፋል፣ ለሌላኛው አይበቃም።

በዚህ ጉዳይ የሚገኘው ቁርኝት ደግሞ ትንሽ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦርበን እና ፕርዚቢልስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ350 ሺህ በላይ የአሜሪካና የእንግሊዝ ታዳጊዎችን መረጃ መርምረው ነበር። ዲጂታል ቴክኖሎጂ በልጆቹ መካከል ካለው የሥነ ልቦና ደህንነት ልዩነት ማብራራት የቻለው ቢበዛ 0.4 በመቶውን ነው። ይህ ወደ ቁርኝት ሲመነዘር 0.06 ገደማ ነው። ስልክ ምንም አይጎዳም ማለት አይደለም። በአማካይ ውስጥ ክፉኛ የሚጎዳ ልጅም፣ የሚጠቀም ልጅም ተደብቆ ይኖራል። ግን ትልቅ ነገር አገኛለሁ ብሎ የተነሳ ተመራማሪ ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ቁጥር ነው።

የዶርም ጉዳይም አለ። ስድስት ልጅ በአንድ ክፍል ይተኛል እንበል። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ቲክቶክ ሲያይ አምስቱም ብርሃኑንና ሳቁን ይካፈላሉ። ስለዚህ ስድስቱ ስድስት የተለያዩ ምስክሮች አይደሉም። ክፍል እየመረጥን ውስጡ ያሉትን ሁሉ ከጠየቅን፣ የአንድ ክፍል ልጆች መመሳሰል ከዜሮ እስከ አንድ ሲለካ 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ 423ቱ በተግባር የ340 ሰው ያህል ብቻ ይመዝናሉ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው። ከእሱ የባሰ ነገር አለ።

ሱስ ስንል

ድሬዳዋ ውስጥ «ሱስ» የሚለው ቃል ባዶ እጁን አይመጣም። ጫት ይዞ ነው የሚመጣው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ሱቁ ገርበብ ይላል፣ በርጫው ይጀመራል። ምርቃናው ስም አለው፣ ሀራራው ስም አለው። «ሀራራዬ መጣ» ያለ ሰው ምን እንደሚሰማው ማስረዳት አይጠበቅበትም። በሌላ በኩል ይኸው ቃል ቀልድም ይሆናል። እናቴ ጠዋት ሁለተኛውን ስኒ ሳትጠጣ ሰው አታናግርም። «የቡና ሱሴ ነው» ትላለች። ማንም ሐኪም ቤት አልወሰዳትም።

ታዲያ መጠይቁ ላይ «የስልክ ሱስ» ብለን ስንጽፍ ተማሪው የትኛውን ይሰማል? የእናቴን ነው ወይስ የበርጫውን? እንደ ቀልድ የሰማው በሳቅ «አዎ» ይላል። እንደ ነውር የሰማው «እኔ? በፍጹም!» ይላል። ሁለቱ ልጆች የስልክ አጠቃቀማቸው አንድ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞቹም ቢሆኑ አልጨረሱትም። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ፣ አስራ አንደኛው እትም፣ ከቁጥጥር የወጣ የቪዲዮ ጌም ጨዋታን እንደ ሕመም ይቆጥራል። የስማርት ስልክ ሱስን ግን አልጨመረም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያም የኢንተርኔት ጌም «ገና ጥናት ያስፈልገዋል» በሚለው ክፍል ውስጥ ነው የተቀመጠው። ስልክ እዚያም የለም። ስለዚህ «ከተማሪዎቹ ይህን ያህሉ የስልክ ሱሰኞች ናቸው» የሚል ዜና ስታዩ፣ ማንም ሐኪም ማንንም እንዳልመረመረ አስታውሱ። የተለካው በሽታ ሳይሆን የመጠይቅ ነጥብ ነው። እኔ በበኩሌ «ጥገኝነት» ወይም «ችግር ያለበት አጠቃቀም» ቢባል እመርጣለሁ። ቃሉ ደረቅ ነው። ግን አይሰድብም።

ነጥቡ የሚመጣው ከየት ነው? አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በደቡብ ኮሪያ የተሠራ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በ33 ጥያቄዎች ወጣ። በዚያው ዓመት 10 ጥያቄ ብቻ ያለው አጭሩ ተከተለ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 6 ስለሚመለስ ድምሩ ከ10 እስከ 60 ይሆናል። መቁረጫ ነጥቡ ለወንድ 31፣ ለሴት 33 ነው። ይህን ነጥብ ያወጡት የኮሪያ ታዳጊ ተማሪዎችን አጥንተው ነው። እኛ ደግሞ ለ22 ዓመት የድሬ ጎረምሳ እንጠቀምበታለን። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ አጥልቀንለት «ወፍረሃል» እንለዋለን።

እ.ኤ.አ. በ2019 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ወደ 42 ሺህ የሚጠጉ ወጣቶችን ያካተቱ 41 ጥናቶችን አንድ ላይ ገምግመው ነበር። አብዛኞቹ ያገኙት ስርጭት ከ10 እስከ 30 በመቶ ይዋልላል። ይህን ያህል ስፋት የመጣው ወጣቱ ስለተለያየ ብቻ አይመስለኝም። ሜትሩም ይለያያል።

ለእህቴ ልጅ የነገርኳት ይህን ነው። መቁረጫውን ተይው። ነጥቡን እንዳለ ውሰጂው። 31 ላይ ከቆረጥሽ፣ 30 ያገኘው ጤነኛ፣ 31 ያገኘው ሱሰኛ ይሆናል። 31 እና 58 ያገኙት ደግሞ አንድ ዓይነት ይባላሉ። ይህ የመረጃ ብክነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ከአስሩ ጥያቄዎች አንዱ ስልክ ስትጠቀም የእጅ አንጓህን ወይም ማጅራትህን ያምሃል ወይ ይላል። ሌላው በክፍል ውስጥ ትኩረትህ ይበተናል ወይ ይላል። ሌላው ያቀድከው ሥራ ያመልጥሃል ወይ ይላል። ከዚያ ጥናቱ ያልቅና ውጤቱ ይነበባል፤ «የስልክ ሱስ ያለባቸው ተማሪዎች የአንገት ሕመም ይበዛባቸዋል፤ ትኩረታቸውም ይበተናል።» ይህ ግኝት አይደለም። ጆንያው ውስጥ ራሳችን የከተትነውን ሽንኩርት አውጥተን «ሽንኩርት ተገኘ!» ማለት ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስለ አንገት ሕመም ስትጠይቂ የአንገቱን ጥያቄ ከነጥቡ አውጥተሽ ደግመሽ አስሊ። ዝምድናው ከዚያም በኋላ ካለ ቁም ነገር አለው። ከጠፋ መጀመሪያም አልነበረም።

ጆንያ ካልኩ አይቀር፣ ስልኩ ራሱም ጆንያ ነው። በቴሌግራም መምህሩ የላከው ሃንድአውት አለ። ቲክቶክ አለ። ጅጅጋ ካለች እናት ጋር የቪዲዮ ጥሪ አለ። ቤቲንግ አለ። ማታ ማታ ውርርድ የሚቆርጥ ልጅ የስልክ ችግር የለበትም፤ የቁማር ችግር ነው ያለበት። ሁሉንም «ስልክ» ብሎ የሚደምር ጥናት የገበያ ዘንቢል መዝኖ ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራል።

ስልኩ ራሱ ይመስክር

«በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ትጠቀማለህ?» እስቲ እናንተ መልሱት። ሦስት? አምስት? አሁን ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ እዩት።

ሰው ይህን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር ሂውማን ቢሄቪየር ላይ የወጣ ግምገማ ሰዎች የገመቱትን ሰዓት መሣሪያው ከመዘገበው ጋር ያወዳደሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። ቁርኝቱ 0.38 ብቻ ሆነ። ግምታቸው ወደ እውነቱ በ5 በመቶ የቀረበው ከአስር አንዱ እንኳ አይሞሉም። አንዳንዱ ያበዛል፣ አንዳንዱ ያሳንሳል። ራሱን የሚወቅስ ሰው ሊያበዛ ይችላል። ያ ደግሞ ከጠባይና ከጭንቀት ጋር ስለሚሄድ ስህተቱ ዝም ብሎ ስህተት አይደለም። ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድሮይድም አይፎንም የስክሪን ሰዓት የሚቆጥር ነገር አላቸው። ስለዚህ ስልኩን መጠየቅ ይቻላል። ግን ይህም ድሬዳዋ ላይ የራሱ ጠመዝማዛ አለው። ታይዋን ገበያ የተገዛ አሮጌ ስልክ ቆጣሪው ላይኖረው ይችላል። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከሁሉ ከተማ ቀድሞ ሥራ የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው። ሁለት መስመር መያዝ እዚህ ቆይቷል፤ አንዳንዱም ሁለት ስልክ ይይዛል። የአንዱን ስልክ ብቻ ያየ ተመራማሪ ግማሹን ነው ያየው። ስልኩን ለጓደኛ ማዋስ አለ። መንዙማ ወይም መዝሙር ዩቲዩብ ላይ ከፍቶ መተኛትም አለ። ቆጣሪው አራት ሰዓት ይላል፤ ባለቤቱ ግን አንቀላፍቷል።

ስለዚህ ሁለቱንም መያዝ ነው። ቆጣሪው ስንት እንደሆነ ይናገር፤ መጠይቁ ምን እንደሚሰማው ይናገር። ሁለቱ አይገናኙም ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። በቀን ሰባት ሰዓት የሚጠቀም ግን ምንም ያልጎደለበት ልጅ አለ። ሁለት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም፣ ያንኑ ሁለት ሰዓት ግን ከራሱ ጋር ሲታገል የሚያሳልፍም አለ። ለእኔ ጥናቱ ያለው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ጥገኝነት የሚባል ነገር ካለ ሁለተኛው ልጅ ጋር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ልጅቷ ተማሪዎቹ የስክሪን ሰዓታቸውን ስክሪንሾት አድርገው በቴሌግራም እንዲልኩላት አስባ ነበር። ይህ አይሆንም። ስክሪንሾቱ የመተግበሪያዎቹን ስም ዝርዝር ይዞ ይመጣል። የውርርድ አለ። የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ አለ። ሰው ለማንም ማሳየት የማይፈልገው ብዙ ነገር አለ። «ስልክህን አሳየኝ» የሚል ቃል በዚህ ሀገር ማን ሲለው እንደምንሰማ ሁላችንም እናውቃለን። ተማሪው ራሱ ከፍቶ የሳምንቱን ድምር ብቻ አንብቦ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወረቀቱ ላይ ስም አይኑር፤ ኮድ ይኑር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ላሉት የወላጅ ፈቃድም የልጁ ፈቃድም ያስፈልጋል። ርዕሰ መምህሩ «ይሁን» ስላለ ብቻ አይበቃም።

ግንቦት ላይ እንቅልፍ የሚጠይቅ ሰው

ጤና ሲባል ብዙዎቹ ጥናቶች የሚጀምሩት ከእንቅልፍ ነው። መለኪያውም እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅ ነው። 19 ጥያቄ አለው፤ በሰባት ክፍል ተከፍሎ ከ0 እስከ 21 ይደመራል። ከ5 በላይ ያገኘ እንቅልፉ መጥፎ ነው ይባላል። ጥሩ መለኪያ ነው። ግን ከጥያቄዎቹ አንዱ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ባለፈው ወር ሙቀት ስንት ጊዜ ከእንቅልፍ አስቸግሮሃል?

ይህን ጥያቄ ድሬዳዋ ላይ፣ ያውም በግንቦት! ፍራሹን ግቢ ያላወጣ ማን አለ? ስለዚህ የድሬ ተማሪ ስልክ ኖረውም አልኖረውም ከመጀመሪያው ነጥብ ይዞ ነው የሚነሳው። ደግሞም አስቡት። ቬንትሌተር የሌለው ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ይገላበጣል። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ምን ያደርጋል? ስልኩን ይከፍታል። ጥናቱ መጥቶ «ስልክ የሚያበዙ ተማሪዎች እንቅልፋቸው መጥፎ ነው» ይላል። ሁለቱንም ያመጣው ግን ሙቀቱ ነው።

መላ አለው። የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ሐረር ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሐረር ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅም እዚያው ሐረር ስለሆነ ተማሪ አይጠፋም። ያው መጠይቅ በዚያው ሳምንት በሁለቱም ከተሞች ቢሞላ፣ የሙቀቱን ድርሻ በግምት መለየት ይቻላል። ሁለቱን ከተሞች የሚለየው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። እንዲህ ዓይነት ዕድል ያለው ከተማ ብዙ አይደለም፤ ለምን እንደማንጠቀምበት አይገባኝም።

ጫትስ? ጫት ያነቃል። ከሰዓት የቃመ ልጅ ሌሊት ዐይኑ አይከደንም። በርጫ ላይም ሁሉም በአንድ እጁ ቅጠል፣ በሌላኛው ስልክ ይዞ ነው የሚቀመጠው። በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ስለ እንቅልፍ አጥንቶ ስለ ጫት ያልጠየቀ መጠይቅ ቀልድ ነው። መጠየቁ ግን ቀላል አይደለም። «ትቅማለህ?» ሲባል ሁሉም እውነቱን አይናገርም፤ በተለይ ጠያቂው መምህሩ ከሆነ።

ረመዳንም አለ። ለሱሁር የሚነሳ ተማሪ የእንቅልፍ ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። በአንድ ዶርም ውስጥ ስለሆኑ የማይጾመውም አብሮ ይነቃል። ወሩ ደግሞ በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ቀድሞ ይመጣል። የአንዱ ዓመት ጥናት ረመዳን ላይ ወድቆ፣ የሌላኛው ሳይወድቅ ሁለቱን ማወዳደር ከንቱ ነው። የፈተና ሳምንትም እንደዚሁ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የሌሊት ጥቅል ነው። የሌሊት ዳታ ከቀኑ ይረክሳል። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ፊልሙንም ሃንድአውቱንም ለማውረድ እስኪመሽ ይጠብቃል። ይህ ልጅ መጠይቅ ላይ «እስከ ሌሊት ስልክ ላይ እቆያለሁ» ብሎ ሲመልስ ራሱን መግዛት ያቃተው ይመስላል። ራሱን መግዛቱን ግን ያውቅበታል፤ እየቆጠበ ነው።

እነዚህን ሁሉ መጠይቁ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚያ ትንተናው ላይ የተለመደ ስህተት አለ። ተማሪዎቻችን እያንዳንዱን ምክንያት ለብቻው ከውጤቱ ጋር ያያሉ። ፒ ቫሊዩው (ዝምድና ሳይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ) ከ0.25 በታች የሆነውን ብቻ ወደ ዋናው ሞዴል፣ ሁሉንም ምክንያቶች አንድ ላይ ወደሚያየው ስሌት፣ ያስገባሉ። ጫት በዚህ ወንፊት ካላለፈ ይጣላል። ግን ጫት መግባት ያለበት ወንፊቱን ስላለፈ አይደለም። ስልኩንም እንቅልፉንም እንደሚነካ ስለምናውቅ ነው። ይህን ኮምፒውተር አይነግርሽም፤ ድሬ መኖር ነው የሚነግርሽ። በተቃራኒው ያገኙትን ሁሉ መጨመርም ያሳስታል። ስልክ እንቅልፍ ነሥቶ፣ የእንቅልፉ እጦት ደግሞ ድብርት ካመጣ፣ እንቅልፍን ሞዴሉ ውስጥ መክተት የስልኩን ጥፋት መደበቅ ነው።

ስለ ኦድስ ሬሾም ትንሽ ልበል። ስልክ ከሚያበዙት 60 በመቶ፣ ከማያበዙት 40 በመቶ መጥፎ እንቅልፍ አላቸው እንበል። ኦድስ ሬሾ የሚባለው 60 ለ40ን በ40 ለ60 ማካፈል ነው፤ 2.25 ይመጣል። ከዚያ «ስልክ የሚያበዙት ከሁለት እጥፍ በላይ ተጋላጭ ናቸው» ይባላል። አይደሉም። 60 ለ40 አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ነገሩ ብዙ ሰው ላይ ሲኖር ኦድስ ሬሾ ያጋንናል።

የድሬ ልጅ ተግባቢ ነው?

ስብዕናን ለመለካት የተለመደው አምስቱ ታላላቅ ባሕርያት የሚባለው መንገድ ነው። ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቃቄና ሥርዓት ወዳድነት፣ ተግባቢነት፣ ቅንነት፣ ቶሎ መጨነቅ። በስልክ ጥናቶች ደጋግሞ የሚታየው ቶሎ የሚጨነቅ ሰው የጥገኝነት ነጥቡ ከፍ፣ ሥርዓት ወዳዱ ደግሞ ዝቅ ማለቱ ነው። ተግባቢነት ላይ ውጤቱ ይዘበራረቃል።

የልጅቷ መጠይቅ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ባለ 10 ጥያቄው አጭር መለኪያ ነው። ለእያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ጥያቄ ማለት ነው። ሰውን በሁለት ጥያቄ! እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ አድቫንስስ ላይ የወጣ ጥናት በ23 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ከ94 ሺህ በላይ ሰዎች የሰጡትን መልስ መርምሮ ነበር። ፊት ለፊት በተደረጉት መጠይቆች አምስቱ ባሕርያት እንደሚጠበቀው ተለይተው አልወጡም። አንዱ ምክንያት ሰዎች ለሚጠየቁት ሁሉ «አዎ» ማለታቸው ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ይሉኝታ የሚል ቃል አለን።

ትርጉሙ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። በእንግሊዝኛው መጠይቅ ስሜቱን አምቆ የሚይዝ፣ ቶሎ የማይግባባ ሰውን የሚገልጽ ቃል አለ። ልጅቷ «ቁጥብ» ብላ ተረጎመችው። እኛ ጋ ቁጥብ ሰው ማለት ምስጋና ነው። «ቁጥብ ናት» የተባለች ልጅ እናቷ ደስ ይላታል። መለኪያው ግን ለዚህ መልስ ተግባቢነትን ቀንሶ ይሰጣል። ስለዚህ ሳቂታና ተጫዋች የሆነችው ልጅ ጨዋ ለመባል ብላ «አዎ፣ ቁጥብ ነኝ» ስትል ብቸኛ ተብላ ትመዘገባለች።

ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ሰው ራሱን የሚመዝነው በዙሪያው ካለው ሰው ጋር ነው። እዚህ ማንም ከማንም ጋር መንገድ ላይ ቆሞ ያወራል። «አቦ!» ብሎ ትከሻህን የሚመታህ ሰው ስምህን ላያውቅ ይችላል። በዚህ መካከል ያደገ ልጅ «ተግባቢ ነህ?» ሲባል «መካከለኛ» ይላል። ይኸው ልጅ ሌላ ከተማ ቢሄድ የሠርግ አጃቢ ይመስላል። ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎችን በአንድ ሚዛን ስናስቀምጥ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሰፈር ሚዛን ይዘው መምጣታቸውን እንረሳለን።

ከዚያ ቋንቋው። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ሐረሪኛ የሚናገር፣ በእንግሊዝኛ የሚማር፣ በአማርኛ የሚቀልድ ተማሪ ሞልቷል። ወደ አማርኛ ተርጉሞ፣ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም የተለመደ ነው፤ ጥሩ ነው፤ አይበቃም። አስር ተማሪ አስቀምጦ «ይህን ጥያቄ በራስህ ቃል ንገረኝ፤ ምን የሚልህ መሰለህ?» ማለት ያስፈልጋል። የ«ቁጥብ»ን ነገር ያወቅነው እንዲህ ነው።

አንድ ሐሳብ አቀረብኩላት፤ እሷም ወደደችው። ጠባዩን ራሱን ብቻ ከመጠየቅ የዶርም ጓደኛውም ይመስክር። ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ስሜት፣ ሦስት መጠይቅ ይሞላል። ቶሎ የሚጨነቅ ሰው ስለ ስልኩም፣ ስለ እንቅልፉም፣ ስለ ጠባዩም ክፉ ክፉውን ያያል። ሦስቱ ነጥቦች አብረው ከፍ ይላሉ። ያ የሦስት ነገሮች ዝምድና ላይሆን ይችላል፤ የአንድ ሰው ምሬት ሦስት ቦታ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ጓደኛው ስለ ጠባዩ፣ ስልኩ ስለ ሰዓቱ፣ እሱ ስለ ስሜቱ ቢናገሩ ግን ሦስት ምስክር አገኘን ማለት ነው።

የቀረው አቅጣጫው ነው። ስልኩ ነው ልጁን ያስጨነቀው ወይስ የተጨነቀው ልጅ ነው ወደ ስልኩ የሸሸው? አንድ ቀን ብቻ የተሞላ መጠይቅ ይህን አይመልስም፤ 423 ቢሆን 4,230። የደቻቱን ወንዝ በበጋ አይቶ ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ መናገር አይቻልም። አሸዋ ብቻ ነው የሚታየው። ያንኑ ሰው ደጋግሞ ማግኘት ያስፈልጋል። አቅም ያለው ቡድን ፍሬሽማኖችን ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ቢይዝ፣ በሴሚስተሩ አጋማሽና መጨረሻ ላይ ደግሞ ቢያገኛቸው ይመረጣል። ያኔ አንዱን ከሌላው ማወዳደር ይቀርና ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር ይቻላል። ከወትሮው ይልቅ ስልክ ባበዛበት ሳምንት ከወትሮው ያነሰ ተኝቷል? ሙቀት የሚወድ ልጅም፣ ሀብታም ልጅም፣ ቁጥብ ልጅም እንዲህ ሲታይ ከራሱ ጋር ብቻ ነው የሚመዘነው።

የእህቴ ልጅ ያላት አንድ ሴሚስተርና የራሷ ኪስ ነው። ስለዚህ አሳነስነው። 120 ተማሪ፣ በአስር ሳምንት ውስጥ ሦስት ዙር። የሳምንት የስክሪን ድምር፣ አጭር መጠይቅ፣ አንድ ጊዜ የዶርም ጓደኛ ምስክርነት። የጫት፣ የቬንትሌተርና የሌሊት ጥቅል ጥያቄ ገብቷል። «ሱሰኛ» የሚል ቃል ከመጠይቁም ከርዕሱም ወጥቷል። «ከመቶ ይህን ያህሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከዚህ ጥናት አይወጣም። አድቫይዘሯ «423ቱ የት ገባ?» ብሎ እንደሚጠይቃት ታውቃለች፤ መልሷን እየተለማመደች ነው።

የሚያሳስባት ሦስተኛው ዙር ነው። ፈተና ሲደርስ ማን ይመጣል? ለእያንዳንዱ ተማሪ በየዙሩ የ25 ብር ካርድ ለመስጠት አስበናል። ለ120 ተማሪ፣ ሦስት ጊዜ፣ 9,000 ብር። ግማሹን እኔ እሸፍናለሁ ብያታለሁ። ለቀሪው እናቷን እየተለማመጠች ነው።